ያልታመመን ኮምፒውተር የሚያክሙ ሶፍትዌሮች

ላፕቶፑ መንቀራፈፍ የጀመረበት ሰው ከወዳጅ ከዘመድ የሚሰማው ምክር አብዛኛውን ጊዜ ከሁለት አይበልጥም። አንዱ «ፎርማት ይደረግ» ይላል፤ ሌላው «ማጽጃ ጫንበት» ይላል። ፎርማቱ ገንዘብ ስለሚጠይቅና ፋይል ሊያስጠፋ ስለሚችል ብዙ ሰው ማጽጃውን ይመርጣል። ፕሮግራሙ ከጓደኛ ፍላሽ ይገለበጣል ወይም ከኢንተርኔት ይወርዳል። «ስካን» የሚለው ሲነካ አንድ መስመር ከግራ ወደ ቀኝ ይሞላል፤ ሲያበቃ በቀይ ቀለም አስደንጋጭ ቁጥር ብቅ ይላል፦ ይህን ያህል መቶ ስህተት፣ ይህን ያህል ጊጋባይት ቆሻሻ፣ ይህን ያህል የተበላሸ ሬጂስትሪ። ከሥሩ «አሁኑኑ አስተካክል» የሚል ትልቅ ቁልፍ አለ። ሳይነካው የሚያልፍ ሰው ጥቂት ነው።

ቁጥሩ ሁልጊዜ ፈጠራ ነው ማለት አይቻልም። ብዙ ጊዜ ግን ትርጉም የለውም። «ስህተት» ተብለው የሚቆጠሩት ድረ ገጾች የተዋቸው ኩኪዎች፣ ከተነሣ ፕሮግራም የቀሩ መዝገቦች፣ ዊንዶውስ ራሱ ሲሠራ የሚፈጥራቸው ጊዜያዊ ፋይሎች ናቸው። አዲስ የተገዛ ኮምፒውተርም ለጥቂት ቀናት ከተሠራበት እነዚህን ያፈራል። ከ40 ዓመት በላይ ያስቆጠረው የኮምፒውተር መንከባከቢያ ሶፍትዌር ንግድ ዛሬ በአብዛኛው የሚሸጠው ይህንኑ ቀይ ቁጥርና ቁጥሩ የሚፈጥረውን ድንጋጤ ነው።

ንግዱ ሲጀመር እንዲህ አልነበረም። በ1982 (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) የአይቢኤም ፒሲ ገበያ ላይ ከዋለ ገና አንድ ዓመት ገደማ ነበር። የፒሲው ማስኬጃ ሥርዓት በነበረው በዶስ ላይ ፋይል በስህተት ያጠፋ ሰው ከመቆጨት በቀር ሌላ ምርጫ አልነበረውም። ፒተር ኖርተን የሚባል አሜሪካዊ ፕሮግራመር ግን አንድ ነገር ልብ አለ። ዶስ ፋይል ሲያጠፋ ይዘቱን አይደመስስም፤ በማውጫው ላይ የፋይሉን ስም የመጀመሪያ ፊደል በሌላ ምልክት ይተካና ቦታውን «ክፍት ነው» ብሎ ይመዘግባል። ይዘቱ ሌላ ፋይል እስኪጻፍበት ድረስ እዚያው ዲስኩ ላይ ነው። ኖርተን ይህን የሚቀለብስ ፕሮግራም ጻፈ፤ ተጠቃሚው የጎደለችውን ፊደል ያስገባል፣ ፋይሉ ይመለሳል። ኖርተን ዩቲሊቲስ የተባለው የፕሮግራሞች ስብስብ ስም ያተረፈው በዚህ ነው። በ1990 ሲማንቴክ ድርጅቱን ገዛው። ያ ምርት ችግሩን አልፈጠረውም፣ አላጋነነውም፤ በእርግጥ የጠፋ ነገር ይመልስ ነበር።

የተበጣጠሱ ፋይሎችን ሰብስቦ የሚደረድረው ዲፍራግም በጊዜው እውነተኛ መድኃኒት ነበር። ሃርድ ዲስክ የሚሽከረከር ሳህንና በላዩ የሚመላለስ ክንድ ያለው ዕቃ በመሆኑ፣ አንድ ፋይል በአሥር ቦታ ተበታትኖ ከተጻፈ ክንዱ አሥር ቦታ መሄድ አለበት። ዊንዶውስ 95ን የሚያስታውሱ ሰዎች ባለቀለም ካሬዎቹ አንድ በአንድ ሲሰለፉ ቁጭ ብለው አይተው ይሆናል።

ከዚያ ግን እነዚህ ሥራዎች አንድ በአንድ ወደ ዊንዶውስ ገቡ። የጠፋ ፋይል መመለሻው ሪሳይክል ቢን ሆነ። በ2007 ለገበያ የቀረበው ዊንዶውስ ቪስታ ዲፍራጉን በየሳምንቱ በራሱ ጊዜ መሥራት ጀመረ። ኤስኤስዲ ሲመጣ ደግሞ ዲፍራግ የሚባለው ነገር ትርጉም አጣ፤ የሚሽከረከር ሳህን የለማ። ቫይረስ መከላከያው ዲፌንደር፣ ጊዜያዊ ፋይል ጠራጊው ስቶሬጅ ሴንስ ከዊንዶውስ ጋር በነፃ ይመጣሉ። ከውጭ ሆነው ይህን ሲሸጡ የኖሩ ኩባንያዎች የሚሸጡት ነገር እያነሰ ሄደ። አንዳንዶቹ ሌላ ሥራ ፈለጉ፤ ሌሎቹ በሽታ መፈልሰፍ ጀመሩ።

የፈጠራው ታሪክ ግን ከዚያም ይቀድማል። በ1995 ዊንዶውስ 95 ሲወጣ ቢያንስ 4 ሜጋባይት ራም ይጠይቅ ነበር፤ በዚያ ግን መሥራት ሥቃይ ስለነበር 8 ሜጋባይት ይመከር ነበር። ራም በዚያን ጊዜ ውድ ነበር፤ አንዷ ሜጋባይት ወደ 30 ዶላር ገደማ ታወጣ ነበር። እዚህ ላይ ሲንክሮኒስ የተባለ የካሊፎርኒያ ኩባንያ ሶፍትራም 95 የሚል ምርት ይዞ ብቅ አለ። ካርቶኑ ላይ የተጻፈው ቃል ኪዳን አጭር ነበር፦ ራምዎን በእጥፍ ያሳድጉ፣ ያለ ምንም ዕቃ፣ በሶፍትዌር ብቻ። ፕሮግራሙ ሲጫን የማስታወሻውን መጠን የሚያሳዩ ቆንጆ መለኪያዎች ስክሪኑ ላይ ይወጣሉ፤ ቁጥሩም በእርግጥ ያድጋል። ከ600,000 በላይ ቅጂ ተሸጠ።

ማርክ ሩሲኖቪች፣ ብራይስ ኮግስዌልና አንድሩ ሹልማን የተባሉ ባለሙያዎች ፕሮግራሙን በታትነው መረመሩት። ራሙን ያምቀዋል ተብሎ የተወራው ሥራ ጨርሶ አልነበረም። ያደገው ራሙ ሳይሆን ስክሪኑ ላይ የሚታየው ቁጥር ነበር። የአሜሪካ ፌዴራል ንግድ ኮሚሽን ኩባንያውን ጠየቀው፤ ጉዳዩ በ1996 በስምምነት ተዘጋ፤ ኩባንያው በ1998 ኪሳራ አወጀ። ሩሲኖቪችና ኮግስዌል ግን በዚያው በ1996 ሲስኢንተርናልስን መሠረቱ። በዚያ ስም የወጡት ኦቶራንስና ፕሮሰስ ኤክስፕሎረር የተባሉ ነፃ መሣሪያዎች ዛሬም የባለሙያ እጅ አይለያቸውም። ማይክሮሶፍት በ2006 ድርጅቱን ገዛው። የሚገርመው የእነርሱ ፕሮግራሞች ምንም «አሁኑኑ አስተካክል» የሚል ቁልፍ የላቸውም። ኮምፒውተሩ ላይ ምን እየሠራ እንደሆነ፣ ማን እንዳስነሣው፣ ምን ያህል እንደሚበላ ያሳያሉ፤ ውሳኔው የሰውየው ነው። በእውነተኛ መሣሪያና በማስመሰያው መካከል ከዚህ የተሻለ መለያ ማግኘት ይከብዳል።

የሶፍትራም ዘዴ ግን ከኩባንያው ጋር አልሞተም፤ ስሙን ቀይሮ «ራም ቡስተር» ሆነ። ዛሬ ብዙዎቹ እንዲህ ይሠራሉ፦ ቁልፉ ሲነካ የተከፈቱት ፕሮግራሞች በራም ላይ የያዙትን እንዲለቁ ያስገድዳሉ። ባዶ የራም መጠን በአንዴ ያድጋል፤ ተጠቃሚው ይደሰታል። ከዚያ ወደ ክሮም ወይም ወደ ወርድ ሲመለስ የተለቀቀው ሁሉ ከዲስክ እንደገና መነበብ አለበት። ዲስኩ አሮጌ ሃርድ ዲስክ ከሆነ ጭራሽ ይብሳል። ራም ደግሞ ባዶ ሆኖ መቀመጡ ጥቅም የለውም፤ ዊንዶውስ ትርፍ ራሙን በቅርቡ ይፈለጋሉ ብሎ በሚገምታቸው ፋይሎች የሚሞላው ሆን ብሎ ነው፤ ሌላ ፕሮግራም ሲጠይቀው ወዲያው ይለቅለታል።

ስልክ ላይም ያው ነው። ከ1 ቢሊዮን ጊዜ በላይ የተጫነው ክሊን ማስተር የአንድሮይድ ስልክ ያፈጥናል ተብሎ ነበር የሚታወቀው። በፌብሩዋሪ 2020 ጉግል አስቸጋሪ ማስታወቂያ ያሳያሉ ያላቸውን 600 የሚጠጉ መተግበሪያዎች ከገበያው ሲያስወጣ፣ የክሊን ማስተር ባለቤት የሆነው የቻይናው ቺታ ሞባይል ምርቶችም አብረው ወጡ።

ለኢትዮጵያ አንባቢ ከሁሉ በላይ ሊያሳስበው የሚገባ አንድ «ጽዳት» አለ፤ የብራውዘር ካሽ ማጥፋት። ካሽ ማለት ክሮም ወይም ፋየርፎክስ አንድ ድረ ገጽ ሲከፍት ምስሉን፣ አርማውን፣ የፊደል ቅርጹንና ኮዱን በዲስክ ላይ የሚያስቀምጥበት ቦታ ነው። ያው ገጽ በማግስቱ ሲከፈት ያልተለወጠው ነገር ከዲስክ ይነበባል፤ ከኢንተርኔት የሚወርደው አዲሱ ብቻ ነው። ማጽጃ ሶፍትዌሮች ይህን ክምችት «ቆሻሻ» ብለው ይጠሩታል፤ በጊጋባይት መዝነውም «ይህን ያህል ነፃ አወጣን» ብለው ይኩራራሉ። ባለቤቱ በየቀኑ ካስጠረገው በየቀኑ ያንኑ ምስል፣ ያንኑ አርማ፣ ያንኑ ኮድ እንደገና ያወርዳል። ኢንተርኔቱ ገደብ የሌለውና ፈጣን ለሆነ ሰው ይህ ብዙም አይታወቀው ይሆናል። የሞባይል ዳታ በጥቅል ለሚገዛ፣ ላፕቶፑን ከስልኩ ጋር አገናኝቶ ለሚሠራ ሰው ግን ጽዳቱ ከኪሱ ይወጣል። ኮምፒውተር ያፈጥናል የተባለው ፕሮግራም ኢንተርኔቱን አዘግይቶ፣ ጥቅሉን ቶሎ አስጨርሶ ይሄዳል። ይህን በማስታወቂያው ላይ የሚጽፍ ኩባንያ የለም።

ሬጂስትሪን በተመለከተ ነገሩ አጭር ነው። ዊንዶውስና ፕሮግራሞቹ ምርጫዎቻቸውን የሚያስቀምጡበት ትልቅ መዝገብ ነው፤ እጅግ ብዙ መስመሮች አሉት። ዊንዶውስ የሚፈልገውን መስመር በስሙ ቀጥታ ያገኘዋል እንጂ ከዳር እስከ ዳር አያነበውም። ስለዚህ ጥቂት መቶ የማይፈለጉ መስመሮች መውጣታቸው በሰው ዓይን የሚታይ ለውጥ አያመጣም። የተሳሳተው መስመር ከወጣ ግን ፕሮግራም አልከፈት ሊል፣ ሲብስም ዊንዶውሱ ላይነሣ ይችላል። ማይክሮሶፍት ራሱ በ1990ዎቹ ሬግክሊን የሚባል ማጽጃ ነበረው፤ በኋላ አነሣው። አሁን የሬጂስትሪ ማጽጃዎችን እንደማይደግፍ በይፋ ይናገራል።

ንግዱ ወደ ማጭበርበር የሚሻገርበት መስመር የት እንደሆነ ለማየት የኦፊስ ዲፖን ጉዳይ መመልከት ይበቃል። ይህ በአሜሪካ የታወቀ የቢሮ ዕቃ መደብር ነው፤ የጓዳ አጭበርባሪ አይደለም። ደንበኞች ኮምፒውተራቸውን ይዘው ሲመጡ «ፒሲ ሄልዝ ቼክ» በሚባል ፕሮግራም ነፃ ምርመራ ይደረግላቸው ነበር። ምርመራው ሲጀመር ሠራተኛው አራት ጥያቄዎች ይጠይቃል፦ ኮምፒውተሩ ቀርፋፋ ሆኗል? ማስታወቂያ እየዘለለ ያስቸግራል? የቫይረስ ማስጠንቀቂያ አሳይቷል? ቶሎ ቶሎ ይዘጋል? ደንበኛው ለአንዱ እንኳ «አዎ» ካለ በአጠገቡ ባለው ሳጥን ላይ ምልክት ይደረጋል። የንግድ ኮሚሽኑ እንደገለጸው፣ ከአራቱ ሳጥኖች አንዱ ምልክት ካገኘ ፕሮግራሙ የቫይረስ ምልክት እንዳገኘ አድርጎ ያቀርብ ነበር። ስካኑ የሚያገኘው ነገር በዚያ ውጤት ላይ ለውጥ አያመጣም። መጀመሪያውኑ ችግር የሌለበት ሰው ላፕቶፑን ተሸክሞ መደብር እንደማይሄድ ደግሞ ግልጽ ነው። በ2016 የሲያትሉ ኪሮ ቴሌቪዥን ጋዜጠኞች ከካርቶን የወጡ አዳዲስ ኮምፒውተሮችን ይዘው ወደ መደብሮቹ ሄዱ፤ በአብዛኞቹ «ታሟል፣ ጥገና ያስፈልገዋል» ተባሉ። በ2019 ኦፊስ ዲፖ 25 ሚሊዮን ዶላር፣ ሶፍትዌሩን ያቀረበው ሰፖርት ዶት ኮም 10 ሚሊዮን ዶላር ለመክፈል ተስማሙ።

አምስት ዓመት ሳይሞላ፣ በ2024፣ መቀመጫቸው ቆጵሮስ የሆነው ሬስቶሮና ሪኢሜጅ የተባሉ ኩባንያዎች በተመሳሳይ ክስ 26 ሚሊዮን ዶላር ለመክፈል ተስማሙ። ዘዴያቸው የማይክሮሶፍት መልእክት መስሎ ብቅ በሚል ማስጠንቀቂያ አስፈራርቶ ወደ ስካን መውሰድ፣ ከስካን ወደ ክፍያ፣ ከክፍያ ደግሞ ስልክ አስደውሎ ሌላ ተጨማሪ አገልግሎት መሸጥ ነበር።

«ታዋቂውን፣ ታማኙን ብጭንስ?» የሚል አንባቢ ይኖራል። ጥያቄው ትክክል ነው፤ መልሱ ግን ሲክሊነር ላይ የደረሰው ነው። ሲክሊነርን የሠራው ፒሪፎርም የተባለ የለንደን ኩባንያ ነው። በ2016 መጨረሻ ከ2 ቢሊዮን ጊዜ በላይ መውረዱን ኩባንያው ተናግሯል። በማርች 2017 ሰርጎ ገቦች ቲምቪወር በሚባለው የርቀት መቆጣጠሪያ በኩል ወደ አንድ የፒሪፎርም ሠራተኛ ኮምፒውተር ገቡ። በጁላይ አቫስት የተባለው የቼክ ኩባንያ ፒሪፎርምን ገዛ፤ ሰዎቹ ውስጥ እንዳሉ ግን አላወቀም። ኦገስት 15 የወጣው 5.33 የተባለው ስሪት መርዝ ይዞ ወጣ። የወረደው ከራሱ ከኩባንያው ድረ ገጽ ነው፤ ዊንዶውስ የአምራቹን ማንነት የሚያረጋግጥበት ዲጂታል ፊርማም የኩባንያው ትክክለኛ ፊርማ ነበር። ጥንቃቄ የሚባለውን ሁሉ ያደረገ ሰው እንኳ ማምለጫ አልነበረውም። ነገሩ በሴፕቴምበር አጋማሽ ይፋ ሲሆን መርዛማው ስሪት 2.27 ሚሊዮን ኮምፒውተሮች ላይ ተጭኖ ነበር። ሰርጎ ገቦቹ ግን የፈለጉት ያንን ሁሉ ሰው አልነበረም፤ በዚያ ብዛት ውስጥ እየመረጡ እንደ ሳምሰንግ፣ ሶኒና ኢንቴል ባሉ ትልልቅ ኩባንያዎች ውስጥ ወደሚገኙ 40 ያህል ኮምፒውተሮች ብቻ ሁለተኛ መርዝ ላኩ።

ከዚህ ታሪክ የሚወሰደው ሲክሊነር ክፉ ነው የሚል አይደለም፤ ስህተቱ ታርሞ ፕሮግራሙ ዛሬም አለ። ነጥቡ ሌላ ነው። ማጽጃ ሶፍትዌር ሥራውን ለመሥራት በኮምፒውተሩ ላይ ሙሉ ሥልጣን ይጠይቃል፦ ፋይል ያጠፋል፣ መዝገብ ይቀይራል፣ ኮምፒውተሩ በተነሣ ቁጥር አብሮ ይነሣል። ያን ያህል ሥልጣን ለሌላ ሰው የሚሰጠው በምላሹ ያን ያህል ጥቅም ሲገኝ ነው። እዚህ ግን ጥቅሙ ካሽ መጥረግ ነው።

እኛ ዘንድ ደግሞ ነገሩን የሚያብስ ልማድ አለ። ሙሉው ስሪት በዶላር ስለሚሸጥና ዶላር መክፈያ ካርድ ያለው ሰው ጥቂት ስለሆነ፣ ማጽጃው የሚጫነው ክራክ ተደርጎ ነው። የክራኩ የመጀመሪያ መመሪያ ሁልጊዜ አንድ ዓይነት ነው፦ «አንቲቫይረሱን አጥፋ»። ኮምፒውተሩን ከቫይረስ ለማጽዳት የተነሣ ሰው በሩን ወለል አድርጎ ከፍቶ ማን እንደሠራው የማይታወቅ ፋይል በሙሉ ሥልጣን ያስገባል። ቀጥሎ ለሚመጣው መዘዝ ደግሞ ያው ማጽጃ እንደገና ይጫናል።

ታዲያ ላፕቶፑ ለምን ይንቀራፈፋል? በአሮጌ ላፕቶፕ ላይ ዋናው ጥፋተኛ ብዙ ጊዜ ሃርድ ዲስኩ ነው። በላፕቶፖች ውስጥ የተለመደው ሃርድ ዲስክ በደቂቃ 5,400 ጊዜ ይሽከረከራል፤ አንዱ ዙር 11 ሚሊሰከንድ ገደማ ይፈጅበታል። ክንዱ ቦታ እስኪይዝ የሚወስደው ጊዜ ሲጨመር፣ ተበታትነው የተቀመጡ ትናንሽ ፋይሎችን በሰከንድ መቶ ጊዜ እንኳ ማንበብ አይችልም። ተራ ኤስኤስዲ ይህንኑ በሰከንድ በአሥር ሺዎች ይሠራዋል። ዊንዶውስ ሲነሣ ደግሞ የሚያነበው ሺህ ትናንሽ ፋይሎችን ነው። ይህን ልዩነት በጽዳት የሚሞላ ሶፍትዌር አልተሠራም፤ ሊሠራም አይችልም።

ሌሎቹ ምክንያቶችም የሚታዩና የሚዳሰሱ ናቸው። 4 ጊጋባይት ራም ላይ ዊንዶውስና 20 የክሮም ታብ አብረው አይሄዱም። ኮምፒውተሩ ሲከፈት አብረው የሚነሡ ፕሮግራሞች (ማጽጃው ራሱ አንዱ ነው) ማስነሻውን ያስረዝማሉ። የአዲስ አበባ አቧራ ማራገቢያው ላይ ተጋግሮ፣ የፕሮሰሰሩ ፔስትም ደርቆ ሲገኝ ፕሮሰሰሩ ይሞቃል፤ ሲሞቅ ደግሞ ራሱን ከመቃጠል ለማዳን ፍጥነቱን ይቀንሳል። ለዚህ የሚያስፈልገው ካቻቢቴ፣ ብሩሽና ጥቂት ፔስት ነው። ፎርማት የተደረገ ኮምፒውተር ለጥቂት ሳምንታት የሚሻለው ደግሞ በአብዛኛው አብረው የሚነሡት ፕሮግራሞች ሁሉ ተጠርገው ስለሚሄዱ ነው። ተመልሰው ሲጫኑ መንቀራፈፉም ይመለሳል።

እውነቱን ለመናገር ማጽዳት የሚጠቅምበት ጊዜ አለ። ሲ ድራይቭ ሞልቶ ጥቂት ጊጋባይት ብቻ ሲቀር ዊንዶውስ አፕዴት ማድረግ ያቅተዋል፤ ኮምፒውተሩም ሃንግ ማድረግ ያበዛል። በዚያን ጊዜ ጊዜያዊ ፋይሎችን መጥረግ ያስፈልጋል፤ ስቶሬጅ ሴንስ ይሠራዋል፤ ከዚያ የተሻለ የሚፈልግ ኮዱ ለሁሉም ክፍት የሆነውን ብሊችቢት በነፃ መጠቀም ይችላል። ብዙ ሰው የሚጋራው የኢንተርኔት ቤት ኮምፒውተር ላይም ኩኪና ታሪክ ማጥፋት ተገቢ ነው፤ ይህንንም ብራውዘሩ ራሱ ይሠራል። ከዚህ ያለፈው ሁሉ ማስታወቂያ ነው። ማይክሮሶፍት እንኳ በማርች 2018 ነገሩ ስለበዛበት፣ ተጠቃሚን በማስፈራራት ሙሉውን ስሪት የሚያስገዙ ማጽጃዎችን ዲፌንደር እንዲያስወግድ አድርጓል።

ላፕቶፕዎ ከከበደ ማንኛውንም ነገር ከመጫንዎ በፊት ኮንትሮል፣ ሺፍትና እስኬፕን በአንድ ላይ ይጫኑ። የሚከፈተው ታስክ ማናጀር ዲስኩ ስንት በመቶ እንደተጨናነቀ፣ ራሙ ምን ያህል እንደሞላ፣ አብረው የሚነሡት ፕሮግራሞች የትኞቹ እንደሆኑ ያሳያል፤ በአዲሶቹ ዊንዶውሶች ላይ ዲስኩ ሃርድ ዲስክ ይሁን ኤስኤስዲ በዚያው ተጽፏል። የማይፈልጉትን ፕሮግራም ስታርትአፕ ከሚለው ክፍል አብሮ እንዳይነሣ ያድርጉ። ዲስኩ ሃርድ ዲስክ ከሆነና ኮምፒውተሩ ሲነሣ መቶ በመቶ ላይ ተሰቅሎ የሚቆይ ከሆነ፣ ለማጽጃ ወይም ለፎርማት የሚያወጡትን ገንዘብ ለኤስኤስዲ ያስቀምጡት። ጥገና ቤት ከሄዱ ደግሞ «ማጽጃ ጫንበት» አይበሉ፤ «ክፈተውና አቧራውን አውጣ፣ ዲስኩንም እየው» ይበሉ።